እንቁራሪቶቹ የተሰደዱበት ጠበል

«ጠበሉ ሸሸ» የሚለው ወሬ የደረሰኝ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ምስር ስለቅም ነው። ያመጣችው ነጭ ሽንኩርት የምትነግደው ጎረቤቴ ማንጠግቦሽ ናት። ሮብ ገበያ ዘመዶቿ ዘንድ ሰንብታ መመለሷ ነበርና የተሸከመችውን ቅርጫት እንኳ ሳታወርድ ከፊቴ ቆመች።

«አስካለ፣ ጠበሉ ሸሸ አሉ! እንቁራሪቶቹ አንድ ሳይቀሩ ጠፍተዋል።»

«ተሰማስ?» አልኳት። ተሰማ ባለቤቴ ነው።

«እሱማ አለ። ጠበሉን ያባረረው እሱ ነው ይላሉ እንጂ።»

ሰፌዱ ከእጄ ወደቀ፤ ምስሩም ለዶሮ ሆነ።

እኔና ተሰማ የሐረርጌ ሰዎች ነን። እሱ ልብስ ሰፊ ነው። ደብረ ማርቆስ የመጣነው ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ሥራ ፍለጋ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ተዘግቶብን እዚሁ ቀረን። ባለፈው ክረምት ተሰማን ወገቡን ያዘውና እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። መስከረም ሲጠባ ሰዎች ለምኜ በቃሬዛ ከሮብ ገበያ በላይ፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ወዳለው የቅዱስ ሚካኤል ጠበል ላክሁት። እኔ ቤቱንና የስፌት መኪናውን ልጠብቅ ቀረሁ፤ የተዘጋ ቤት ወታደር ይከፍተዋልና። በጥቅምት በዱላ ተደግፎ መቆም እንደ ጀመረ ሰማሁ፤ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

የእንቁራሪቶቹን ነገር ለማያውቅ ላስረዳ። በዚያ ጠበል ሕመምተኛው ወደ ኩሬው ሲወርድ ድንጋዮቹ ላይ የተቀመጡት እንቁራሪቶች እየዘለሉ ውኃ ይገባሉ። ያን ድምፅ የሰማ «ተቀበለኝ» ብሎ አማትቦ ይጠመቃል፤ ያልሰማ ቆሞ ይጠብቃል። ጠበል ደግሞ ከተደፈረ ይሸሻል፤ ውኃው እየፈሰሰ ቢታይም በረከቱ ሄዷል ማለት ነው። እንቁራሪቶቹ ሲጠፉ ሰዉ ጠበሉ ሸሸ አለ፤ የደፈረውን ሲፈልግ ተሰማን አገኘ። ተሰማ የጣሊያን ወታደሮችን ሱሪ ይጠግን ነበር። አዎ፣ ይጠግን ነበር፤ ጠመንጃ ይዞ ለመጣ ሰው ሱሪህን አልሰፋም አይባልም።

«ወሬው ጫካ ላሉት አርበኞች ከደረሰ…» አለች ማንጠግቦሽ። አልጨረሰችውም። የጠላትን ሱሪ የሰፋ፣ በዚያ ላይ ጠበል ያሸሸ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ሁለታችንም እናውቃለን።

ስለዚህ ተነሣሁ። የማንጠግቦሽ እናት ቤቴ ገብተው ሊጠብቁልኝ፣ እሷም አብራኝ ልትሄድ ተስማማን።

ከማርቆስ መውጫ

ጎሕ ሲቀድ ተነሥተን ከከተማው መውጫ ካለው ኬላ ደረስን። በካቦርት የተጠቀለለ ዘበኛ አስቆመን።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ጠበል» አልሁት።

«ምንሽን አሞሽ?»

«እኔን ሳይሆን ባሌን ነው ያመመው።»

«ባልሽን ካመመው አንቺ ምን ያስኬድሻል?»

ማንጠግቦሽ ከኋላዬ፣ «ይኸ ሰውዬ ሚስት የለውም መሰለኝ» አለች። የቆሙት ገበያተኞች ሁሉ ሳቁ፤ እሱም ሳያስበው ሳቀና አሳለፈን። እኔ ግን ከተማውን የከበበውን ባሕር ዛፍ እስክናልፍ ድረስ ወደ ኋላዬ አልዞርሁም።

ከባሕር ዛፉ ወዲያ አገሩ ተገለጠ። ጤፉ ቢጫ ሆኖ አጫጅ ይጠብቃል። ወደ ላይ ስንወጣ ጤፉ ለገብስ፣ ገብሱም ለድንች ማሳ ቦታ ለቀቀ፤ ነፋሱም ጆሮ መቆንጠጥ ጀመረ። የነቢያት ጾም ገብቶ ነበርና ከሰዓት በኋላ እስኪሆን ምግብ አልቀመስሁም። ማንጠግቦሽ ግን ከረፋዱ ጀምራ በሶዋን እየጨበጠች፣ «መንገደኛ ነኝ፣ እግዜር ያውቅልኛል» ትላለች። «እኔስ መንገደኛ አይደለሁም?» ስላት፣ «አንቺ ሐረር ያሳደገሽ ጻድቅ ነሽ» ብላ አፏን ሞላች።

ሮብ ገበያ

አመሻሹ ላይ ሮብ ገበያ ደረስን። የገበያው ቀን ስላልነበር ሜዳው ላይ ጥቂት ሴቶች ብቻ ድንችና ገብስ ዘርግተው ተቀምጠዋል። የጣሊያኑን ሊሬ ሳወጣ አንዷ ባልቴት እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ። በልቤ ተሰማን አመሰገንሁት፤ ከስፌት ዕቃው መርፌና ክር በመቀነቴ ቋጥሬ ነበር። ለአንድ መርፌ አንድ ቁና ድንች ሰፈሩልኝ፤ ከላይም አንድ ጨመሩበትና፣ «መርፌ ካለሽ አንቺ ሴት ወይዘሮ ነሽ» አሉኝ።

ከማንጠግቦሽ ዘመዶች ቤት አደርን። ድንቹን ቀቅለው በሚጥሚጣ አቀረቡልን። ስለ ጠበሉ ስጠይቅ ሁሉም ወደ ድንቹ አጎነበሰ፤ የማን ሚስት እንደ ሆንሁ ያውቃሉ። የቤቱ ባለቤት ብቻ በመጨረሻ፣ «እስከ እሑድ ነው የታገሡት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንቁራሪት ካልተመለሰ ወይዘሮ ይመኙሻል ወደ ጫካ ይልካሉ። ልጃቸው እዚያ ነው» አሉኝ።

ወይዘሮ ይመኙሻል የሴቶች ማኅበር መሪ ናቸው። ስማቸውን ይዤ ተኛሁ፤ ስማቸውን ይዤ ነቃሁ።

ጠበሉ

በማግሥቱ አቀበቱን ያዝን። ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተነጥፏል። ከሩቅ የደጋው ቁጥቋጦ አስታው ጥቁር ሆኖ፣ ከዚያም በላይ ረጅሙ የጅብራ ተክል እንደ ቆመ ሰው ይታያል። ምንጩ ከቋጥኝ ሥር ይወጣል። በዚያ ብርድ ውኃው ይጨሳል፤ እጄን ስነክረው ከአየሩ ይሞቃል። እዚያ ውርጭ እንቁራሪት እንዴት ይኖራል ብዬ ስደነቅ የነበረው ነገር በዚሁ ገባኝ።

ኩሬውን ሳየው ግን አፌን ከፈትሁ። እንዲያ ያለ ንጹሕ ጠበል አይቼ አላውቅም። ዙሪያው ያሉት ድንጋዮች ታጥበው ጥርስ መስለዋል፤ አንዲት የሣር ቅጠል አትታይም። እኔም ጽዳት ወዳድ ነኝና፣ «እንዴት ያለ እጅ ነው ያጸዳው!» አልሁ።

«የእኛ እጅ ነዋ!» አለኝ ከኋላዬ አንድ ድምፅ። ዞር ስል ቁመታቸው ዘለግ ያለ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ ሴት ቆመዋል። ይመኙሻል ናቸው። «ለኅዳር ሚካኤል ሰው ሁሉ ቤቱን ይጠርጋል፣ ጉድፉን አቃጥሎ ያጥናል። የራሳችንን ጓዳ ጠርገን የመልአኩን ደጅ ልንተው ነው? የሚያሙለጨልጨውን ድንጋይ ሁሉ አውጥተን ጣልን። የቀረውን በአሸዋ ፈተግን። ቄጠማውን አጨድን። ይኸን ሁሉ ደክመን እንቁራሪት የሚባል ድራሹ ጠፋ! የማን ሚስት እንደ ሆንሽ አውቄሻለሁ።»

«እሜቴ፣ ባሌ ክፉ ሰው አይደለም።»

«ሱሪያቸውን ሰፍቷል።»

«ራቁታቸውን ቢሄዱ ይሻል ነበር?» አለች ማንጠግቦሽ። ወይዘሮዋ ሳቃቸው ሊመጣ ሲል ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡና፣ «እሑድ እንተያይ» ብለው ሄዱ።

ሌሎቹ ሕመምተኞች ወሬውን ሰምተው ተበትነዋል። የተሰማ ጎጆ ከሁሉም ራቅ ብላ ከታች ጥግ ላይ ናት፤ ለእንግዳ የተሰጠች ቦታ። ስንደርስ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቅ ነበር።

«አስካለ! ቀጥ ብዬ ቆሜ ልቀበልሽ አስቤ ነበር፤ ዱላው እምቢ አለኝ» አለ። ዱላውን ተደግፎ ተነሣ፤ ቆመ! ሚካኤልን እያመሰገንሁ አለቀስሁ። እሱ ግን ፊቱ ከስቷል። ጠበሉ ሸሸ ከተባለ ወዲህ አልተጠመቀም።

«ልውሰድህ? በቅሎ እንከራይ?»

«ሳልጨርስ ብወጣ አጥፍቶ ሸሸ ይሉኛል። ደግሞ ያቺ ኩሬ ናት ያቆመችኝ።» ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ «አትሳቂብኝ እንጂ አንድ ነገር ልንገርሽ። የስፌት መኪናዬ ናፍቆኝ ሳይሆን አይቀርም፣ ሲመሽ ድምፁን እሰማለሁ። ተክ ተክ ተክ ይልና ጭርርር ይላል። ልክ መዘውሩን ሳዞረው እንደሚለው።»

«ለማን ነግረሃል?»

«ለማን ልንገር? ጋኔን ሰፈረበት እንዲሉኝ?»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሦስታችን ጎጆዋ ደጃፍ ተቀመጥን። መጣ። ተክ ተክ ተክ፣ ጭርርር።

«ተሰማ፣ ይኸ ናፍቆት አይደለም» አልሁ። «እኔም እሰማዋለሁ።»

ማንጠግቦሽም፣ «እኔ ደግሞ መኪና ኖሮኝ አያውቅም፤ ግን እሰማዋለሁ» አለች።

የተጣሉት ድንጋዮች

ከጎጆዋ ጀርባ፣ ከአጥሩ ማዶ አንድ ጎድጓዳ ቦታ አለ። ከኩሬው የሚተርፈው ውኃ የሚወርደው በዚያ ነው። ሰው አይገባበትም፤ ሕሙም የታጠበበትን ውኃ መርገጥ ደዌውን እንደ መውሰድ ነውና። እኔም አልረግጠውም። ማለዳ ግን አጥሩ ሥር በሆዴ ተኝቼ አንገቴን አሰገግሁ።

ሴቶቹ ከኩሬው ያወጧቸውን ድንጋዮች የጣሉት እዚያ ነበር! አረንጓዴ ካባቸውን እንደ ለበሱ ተቆልለዋል፤ ውኃውም በመካከላቸው ይሄዳል። አንዱ ድንጋይ ላይ ሌላ ትንሽ ድንጋይ ያለ መሰለኝ። ትንሹ ድንጋይ ዐይኑን ጨፍኖ ገለጠ።

ተኝቼ ቀረሁ። ከዚያ ወዲያ ያየሁትን እንዳየሁት እጽፋለሁ። የእንቁራሪቷ መልክ የረጠበ ድንጋይ ነው፤ ካልተንቀሳቀሰች አትታይም። ከአፍንጫዋ እስከ ጀርባዋ መጨረሻ ፈዛዛ ቢጫ መስመር እንደ ነጠላ ጥለት ወርዶላታል፤ ጭኗም ጥቁር ጥቁር ቀለበት አለው። የኋላ ጣቶቿ እንደ ዳክዬ በስስ ቆዳ የተያያዙ ናቸው፤ በዚያ ነው ፈሳሹን የምትቀዝፈው። ዐይኗ አናቷ ላይ ስለሆነ ሌላው ገላዋ ውኃ ውስጥ ሆኖ እሷ ታይሃለች። ዝንብ ስታርፍ ምላሷ ሲወጣ ሳላይ ዝንቧ ጠፋች። ተለቅ ያሉት ዝም ይላሉ፤ ሴቶቹ እነሱ ይመስሉኛል። የሚጮኸው አነስ ያለው ነው፤ ጉሮሮው አጠገብ ያለውን ቆዳ እንደ ፊኛ እየነፋ ያንን የመኪና ድምፅ ያሰማል።

ከዳር፣ ውኃው በሚረጋበት፣ እንደ ተልባ ውኃ የሚያሙለጨልጭ ነገር ከሣሩ ላይ ተጣብቋል፤ በውስጡ ጥቋቁር ዶቃ የሚመስል እንቁላል ሞልቷል። ከዚያ ዝቅ ብሎ እግር ያላበቀሉ፣ ጅራታቸው የረዘመ ልጆቻቸው ነበሩ። እነዚህን ነው ብዙ ያየሁ። አፋቸውን ድንጋዩ ላይ ለጥፈው አረንጓዴውን ይፍቃሉ፤ ባለፉበት እንደ ማረሻ ፈር መስመር ይቀራል። ፈሳሹ ቢገፋቸውም ድንጋዩን በአፋቸው ነክሰው አይለቁም። ድንጋዩን የሚያሙለጨልጨው ያ አረንጓዴ ምግባቸው ነው።

በዚህ ጊዜ የኩሬው ጥርስ የመሰለ ንጣት ትዝ አለኝ። ተነሥቼ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጥሁ።

የደብሩ ቄስ መምሬ አላምረው አጭር፣ ደስተኛ ሽማግሌ ናቸው። ስነግራቸው ምንም ሳይመልሱ ተከተሉኝ፤ ጥምጥማቸውን አውልቀው ለማንጠግቦሽ ሰጡና እንደ እኔ በሆዳቸው ተኙ። ብዙ አዩ። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥሁ፤ ለካ ሳቅ ነው።

«እኛ ለበዓሉ ድግስ ስንደግስ የእነዚህን መሶብ ነው የጠረግነው!»

ይመኙሻል ተጠርተው መጡ። መተኛቱን እምቢ አሉ፤ ቆመው አዩ። ያቺ ባለ ጥለቷ አፍጥጣ አየቻቸው።

«ታዲያ እኔ ነኝ ያባረርኋቸው ልትሉኝ ነው?»

መምሬ፣ «ማንም አላባረራቸውም፤ ቤታቸውን ተሸክማችሁ ስታወጡላቸው ተከትለው መጡ እንጂ» አሏቸው።

«ቆሻሻ እኮ ነበር አባቴ።»

«እሜቴ» አልኋቸው እኔ፣ «እኔም ብሆን እንደ እርስዎ ነበር የማደርገው። እንዲያውም አሸዋ ይበልጥ እጨምር ነበር።» ይህን የተናገርሁት ለማባበል አልነበረም፤ እውነቴን ነው። ትክ ብለው አዩኝና ፊታቸው ትንሽ ረገብ አለ።

«እንዲያም ሆኖ እሑድ እሑድ ነው» አሉ። «ከተመለሱ አያለሁ። ካልተመለሱ ያልኩትን አደርጋለሁ።»

ያን ዕለት ሁላችንም ሠራን። መምሬ ጸሎት አድርሰው ያንን የማይረገጥ ውኃ በባዶ እግራቸው ቀድመው ገቡበት፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አልፈራ። ድንጋዩን አረንጓዴው እንዳይላጥ እንደ ሕፃን አቅፈን ወደ ኩሬው መለስን። ጅራታሞቹን በቅል ከነውኃቸው እየቀዳሁ አጓጓዝሁ። ተሰማ ተቀምጦ፣ «ያንን ወደ ጥላው! ይኸ ተገልብጧል!» እያለ ያዝዛል። ማንጠግቦሽ፣ «ወገቡን እንጂ አፉን አላመመው» አለች። ይመኙሻልም ቆመው ሲያዩ ቆይተው፣ «እንዲህ አይደለም የነበረው» ብለው ትልቁን ድንጋይ ራሳቸው አንሥተው ከቦታው አኖሩት።

ትልልቆቹን ግን መያዝ አልተቻለም። ስንደርስ ይዘላሉ፣ ይሰወራሉ። «በራሳቸው ይምጡ» አሉ መምሬ።

በማግሥቱ ማለዳ ኩሬው ዳር ቆሜ አዳመጥሁ። ዝም። ሲመሽም የመኪናው ድምፅ የመጣው ከጎድጓዳው ነበር፤ እስከ ቅዳሜም እንዲሁ።

እሑድ

ቅዳሴ አልቆ ሰው ሁሉ ወደ ጠበሉ ወረደ። መምሬ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙና፣ «ማን ይቅደም?» አሉ። ማንም አልተነቃነቀም። ይመኙሻል ከፊት ቆመዋል፤ አጠገባቸው አንድ የማላውቀው ጎፈሬያም ጎልማሳ በጋቢ ተጠቅልሎ ቆሟል። ልጃቸው መሆኑን ለመገመት ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም።

«እኔ ልቅደም» አለ ተሰማ።

በዱላው እየተደገፈ ቁልቁል ወረደ። እኔ በሆዴ «አቤቱ፣ አቤቱ» እላለሁ። ድንጋዩ እንደ ድሮው ያሙለጨልጫል። ከዳር ደርሶ ቆመ። ሕዝቡ ጆሮውን ቀሰረ። ከውኃው ድምፅ በቀር ምንም አይሰማም። ቆየ። ጎልማሳው እናቱን ዞሮ አያቸው።

ጭልቅ!

አንዲት ከትልቁ ድንጋይ፣ ይመኙሻል በእጃቸው ካኖሩት፣ ዘላ ገባች። ቀጥሎ ጭልቅ፣ ከወዲያም ጭልቅ ጭልቅ አለ። ተሰማ «ተቀበለኝ!» ብሎ ጮኸና አማተበ። ሴቶቹ እልል አሉ። ይመኙሻል ከሁሉ ረዝመው እልል አሉ።

ተጠመቀ፣ ወጣ፣ ዳገቱን ይዞ መጣ፣ የመምሬን መስቀል ተሳለመ። እኔ በእንባዬ መካከል ነበርሁና ምንም አላስተዋልሁም። ያስተዋሉት ይመኙሻል ናቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ ዱላህስ?»

ተሰማ ቀኝ እጁን አየ። ባዶ ነው። ለካ ሲያማትብ ለቆታል! ሁላችንም ወደ ኩሬው ዞርን፤ ዱላው በመውጫው አልፎ በፈሳሹ ቁልቁል ሲንሳፈፍ ለአፍታ ታየና ጠፋ። ተሰማ ያን ጊዜ ጉልበቱ ተብረከረከ፤ ግን አልወደቀም። ጎልማሳው ክንዱን ያዘለት።

ከሰዓት በኋላ ይመኙሻል ብብቱ የተቀደደ ኮት ይዘው ወደ ጎጆዋ መጡ። ተሰማ ከቀሩኝ መርፌዎች አንዱን ተቀብሎ በእጁ ይሰፋ ጀመር።

«ለነዚያ ስትሰፋ እንዴት አድርገህ ነበር?» አሉት።

«ሲቀመጡ እንዲተረተር አድርጌ።»

«የልጄንስ?»

«ይኸማ ለልጅ ልጁ ይደርሳል።»

ይመኙሻል እስኪያስላቸው ሳቁ።

መልስ

ተሰማ ጠበሉን እስኪጨርስ ሰነበትንና በበቅሎ ተመለስን፤ ሜዳ ሜዳውን ግን እየወረደ በእግሩ ይሄዳል፤ ማንጠግቦሽም ከኋላው፣ «በቅሎዋን ለእኔ ስጠኝ እንግዲህ!» ትላለች። ማርቆስ ስንገባ ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል። ከኬላው ያ ዘበኛ ተሰማን አየና፣ «ይኸ ነው የታመመው?» አለ። «ይኸው ነው» አልሁት፤ በኩራት።

ቤቴ ስገባ መጀመሪያ ያነሣሁት እንደ ልማዴ መጥረጊያ ነው። እንስራዬ የሚቀመጥበት ድንጋይ አረንጓዴ አብቅሎ ነበር፤ አሸዋ ዘገንሁና ቆምሁ። አፈሰስሁት። ጽዳትን እግዚአብሔር ይወዳል፤ ይህን ዛሬም አምናለሁ። ግን እኔ እድፍ የምለው ለሌላ ፍጥረቱ ማዕድ መሆኑን ከእንግዲህ ሳላይ አልፈትግም። ሐረር ሩቅ ናት፤ አገሬ ገብቼ ይህን እስክነግር ድረስ እዚህ ወረቀት ላይ ይቆይልኝ።

ያን እሑድ ከጠበሉ የነበራችሁ ሁሉ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ለሚመጣው ኅዳር ሚካኤል ግቢውን ጥረጉ፣ መንገዱን ጥረጉ፤ ድንጋዮቹን ግን እንዳሉ ተዉአቸው። ከወንዙ ታች ያላችሁም፣ ጫፉ ምስማር የተመታበት የወይራ ዱላ ከቄጠማው መካከል ብታገኙ ለከብት መንጃ ይሁናችሁ። አደራ፣ እንዳትልኩልን።